ዳንቴሉ ሥር የነበረው ላፕቶፕ

እናቴ ያልተሸፈነ ነገር አትወድም። ሬክስዴል ሠፈር ባለው አፓርታማችን ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ማይክሮዌቩ ዳንቴል አለው፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን እንኳ ጫፏ ላይ ጽጌረዳ የተሠራባት ትንሽ ዳንቴል ለብሶ በቀዳዳዎቿ መብራቱን ያጮልቃል። አንድ ጊዜ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ለመሸፈን ወንበር ላይ ልትወጣ ስትል ደርሼባታለሁ። "እርቃኑን ነው እኮ" አለችኝ። የኔ ሥራ ደግሞ መግለጥ ነው። ላፕቶፕና ስልክ ፈትቼ፣ ሆዳቸውን አይቼ፣ የሞተውን አውጥቼ መልሼ እገጥማለሁ። ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን አንድ ቀን ሳንጋጭ አንቀርም ነበር።

ሙያውን የተማርኩት እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ በነበረ ትልቅ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። የአንድ የጃፓን ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ላፕቶፖችና ስልኮች ሲበላሹ እዚያ ይመጡ ነበር። ኩባንያውን በስሙ የሚጠራው ሠራተኛ ትዝ አይለኝም፤ ሁላችንም "ጃፓኖቹ" ነበር የምንላቸው። አንድም ጃፓናዊ አለቃ አልነበረንም፣ ጃፓንን የረገጠም ከመካከላችን የለም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ የምናወራው ከነሱ ጋር ነበር። "ጃፓኖቹ ይህችን ብሎን እዚህ ምን አስበው ሸጎጧት?" እንላለን። ከዚያ ክዳኑ ሲነሳ ምን እንዳሰቡ ይገባናል፤ እኔም በልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ላፕቶፖቹ ከተማሪ ደብተር ብዙም አይከብዱም። ስልኮቹ ውኃ አይፈሩም ተብለው የተሸጡ ናቸው፤ ከጎናቸው ለካሜራ ብቻ የተሠራች ቁልፍ አለቻቸው። ሰዉ ውኃ አይፈሩም ሲባል የቻርጀሯን መክደኛ ክፍት ትቶ ከሳህን ጋር አብሮ ያጥባቸውና ወደኛ ይልካቸዋል። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የሚሠራ አንድ ከስሪላንካ የመጣ ታሚል ነበር፤ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነጭ ወረቀት ዘርግቶ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ደረደረና "አንዷን ካዛባሽ ሌላው ሁሉ ይዛባል፤ የማን ቦታ የማን እንደሆነ እወቂ" አለኝ። ይህን ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው በጣም ወደዱት።

አንድ ቀን ጠዋት ሁላችንንም ምሳ ቤት ሰብስበው ጃፓኖቹ የቤት ኮምፒዩተር መሥራት ሊተዉ ነው፣ ንግዱ ለሌላ ተሸጧል አሉን። ስልኮቹ ትንሽ ቆዩ፤ ቀስ በቀስ እነሱም ከዚህ አገር ሱቆች ጠፉ። እኔ በጣም ተናድጄ ነበር። አያዋጣም ነው የተባለው፤ ሒሳቡን እኔ አላውቅም። የማውቀው የሠሩትን ነገር ሆድ ነው፤ ሆዱ ደግሞ ሊተወው ያሰበ ሰው የሠራው አይመስልም ነበር። በመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዳችን ከታደሱት ላፕቶፖች አንድ አንድ እንድንወስድ ተፈቀደልን። እኔ በጣም ቀጭኗን፣ ብርማዋን መረጥኩ። ታሚሉ ጓደኛዬም መንታዋን አነሳ።

አሁን ኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ፣ አንዲት ጃማይካዊት የፀጉር ዕቃ የምትሸጥበት ሱቅ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ አለኝ። መንገዱ ለአዲሱ የከተማ ባቡር ሲቆፈር ስንት ዓመት አቧራ በልተናል። የማንም ኩባንያ ዕቃ ይምጣ፣ እፈታለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ይህን በአደባባይ ለመናገር አላፍርም።

ወላጆቼ በስፖንሰርሺፕ ሲመጡ ብርማዋን ላፕቶፕ ለአባቴ ሰጠኋቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ካርታን በጣታቸው እየተከተሉ እንደሚያነቡ ሁሉ በዚያችው ጣታቸው የአማርኛውን ፊደል አንድ በአንድ እየፈለጉ መጻፍ ለመዱ። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ምን እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው "ማስታወሻ" ይሉና ክዳኑን በግማሽ ዝቅ ያደርጉታል። እኔም የጡረታ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ የእናቴ ነው። ዳንቴሏን እየሠራች ስብከት ታዳምጥበታለች። የስክሪኑ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፣ ተዘግቶ ድምፁ ብቻ ይሰማ ስትለኝ፣ ክዳኑ ቢዘጋም ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጌ አስተካከልኩላት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እናቴም "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ፤ እኔም ኮራሁ።

ነገሩ የተበላሸው ሽማግሌዎች ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው።

ብቻዬን ያሳደግኳት ልጄ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ የምትወደውም ልጅ የተወለደው እዚሁ፣ ያደገው ፓርክዴል ሠፈር ነው። ሁለቱም አማርኛን ሲሰሙ ይገባቸዋል፣ ሲመልሱ በእንግሊዝኛ ነው። ሊጋቡ መፈለጋቸውን ስትነግረን ሁላችንም ደስ አለን፤ የልጁ አያቶች ከየት አውራጃ እንደመጡ ሲሰሙ ግን አባቴ ጽዋቸውን አስቀመጡ። የኛው አውራጃ ነው።

"እንግዲያው ሰባት ቤት ይቆጠራል" አሉ።

"ሲሪየስሊ አባባ?" አለች ልጄ። "ዊ ሜት አት ዮርክ!"

"የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ተገናኙ። የሥጋ ዘመድ ሆናችሁ ብትገኙስ? ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በነሱ በኩል አንድ ሰው ይቁጠር፣ በኛ በኩል እኔ እቆጥራለሁ። ካልተገናኘን መርቄ እሰጣለሁ።"

ልጄ ሳቀች፤ ሲመሽ ግን ወደ ክፍሌ መጥታ "ማሚ፣ ዋት ኢፍ..." ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቆመች። አባቴ አንድ ነገር ካሉ እንደማይመለሱ ታውቃለች። እኔ ግን አልሰጋሁም። አባቴ ሰባት ቤት እንደ ውኃ ይቆጥሩ ነበር። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ በተረት ፈንታ ከአያቴ ጀምረው ወደ ላይ፣ ቅድመ አያት፣ ምንዝላት፣ እንጅላት እያሉ ያወጡኝ ነበር። ስድስተኛው ላይ ሳልደርስ ይወስደኛል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሱቁ ድረስ ደወሉልኝ። በሥራ ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም።

"ማሽኑ እንቢ አለኝ" አሉ።

"እንዴት እንቢ አለ አባባ?"

"ዝም አለ። ነይ።"

ስደርስ ላፕቶፑ አዲስ ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እናቴ ለሽማግሌዎቹ ክብር ብላ የሠራችው ነው፤ እንደ ድሮዎቹ ስስና ቀዳዳ የበዛበት ሳይሆን፣ ድርብ፣ ጥብቅ፣ በልኩ ተሰፍቶ ጎንና ጎኑን እንደ ካልሲ የያዘ። ከሥሩ እጄን ሳስገባ ልክ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስብከት ሲያሰማ ውሎ ነው ዝም ያለው።

ጮህኩባት። ልደብቀው አልፈልግም፣ እናቴ ላይ ጮህኩባት።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር ይተነፍሳል እኮ! አየር የሚያስወጣበትን ሰፍተሽ ዘጋሽው!"

እናቴ ኪሮሿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "እንደሚተነፍስ ማን ነገረኝ?" አለች፣ ቀስ ብላ።

ማንም አልነገራትም። ክዳኑ ተዘግቶም እንዳይተኛ ያደረገው ማን ነበር? የደንበኛ ዕቃ ሲመጣ "ይህን ማን ነካካው?" ብዬ የምቆጣው እኔው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ አያያዙን ያላስተማርኩት እኔ ነኝ። ሄጄ ግንባሯን ሳምኳት፤ እሷ ግን ወዲያው አልታረቀችኝም።

አባቴን ለማጽናናት "አይጨነቁ አባባ" አልኳቸው። "ላፕቶፑን ቀስ ብዬ አየዋለሁ። ለቅዳሜ የሚያስፈልገው እንደሆነ እርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ።"

አባቴ እናቴን ሻይ እንድታመጣላቸው ጠየቋት። ሻይ በዚያ ሰዓት አይጠጡም። እሷ ኩሽና እስክትገባ ጠብቀው፣

"ሦስተኛው ላይ እቆማለሁ" አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ።

"ዓመት አለፈኝ" አሉ። "መጀመሪያ የሄደው ሰባተኛው ነው። ከዚያ ስድስተኛው። ገና ሳይሄዱ ልያዛቸው ብዬ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያ ውስጥ ሳስገባቸው የከረምኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀት ላይ እንዳልጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞም እናትሽ ታገኘዋለች። ለእናትሽ አትንገሪ።"

አባቴ ያን ሰዓት ከሽማግሌነታቸው በላይ ያረጁ መሰሉኝ። አለቀስኩ፣ ፊት ለፊታቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ ተማሪ ተቆጡኝ፦ "ምን ያስለቅስሻል? ሥራሽ አይደለም እንዴ? ፍቺው።"

ሐሙስ ሱቅ ወስጄ ፈታሁት። ማዘርቦርዱ በሙቀት ሄዷል። ጽሑፉ ያለባት የማስቀመጫ ካርድ ደህና ትመስላለች፤ ችግሩ ጃፓኖቹ ላፕቶፑ ቀጭን እንዲሆን ሲሉ ለዚያች ሞዴል ብቻ የሠሯት ቅርጽ ናት፤ ሌላ ማሽን ላይ አትገባም። ብሎኖቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሬ ተቀመጥኩ። እዚያ ወረቀት ላይ ነው መንታዋ ትዝ ያለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ለበዓል ብቻ መልእክት ለምንለዋወጠው ለታሚሉ ጓደኛዬ ደወልኩ። አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የሚነዳው።

"አለችህ?" አልኩት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

"አለች። ምን ሆነሽ ነው?"

ዓርብ ሥራውን ሲጨርስ ስካርቦሮ ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ላፕቶፗን ከቁም ሳጥን አናት ላይ አወረዳት፤ ካርቶኗ እንኳ አልተከፈተም። ለምን እስከዛሬ እንዳልተጠቀመባት ጠየቅኩት። "እንጃ" አለኝ። "ያን የዌርሃውሱን ጠረጴዛ እወደው ነበር።" ከዚያ ሚስቱ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ እንድታነሳለት ጠይቆ ነጭ ወረቀት ዘረጋ። አባቴ ምን እንደሆኑ ነግሬው ስለነበር የመጀመሪያውን ብሎን ሊፈታ ሲል ቆመና የራሱን አባት ስም ለብቻው አጉተመተመ። እኔ ካርዷን አቀበልኩት፣ እሱ ሰካት። መልሰን ሳንገጥመው ገና ሆዱ እንደተከፈተ ኃይል ሰጠነው፤ ስክሪኑ ላይ ብርሃን መጣ። ሁለታችንም እንደ ድሮው የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታችን መታ መታ አደረግን። ዌርሃውሱ ውስጥ የሞተ ዕቃ ሲነሳ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ፋይሉ አለ። እሱ ሊያነበው አይችልም፤ ዝም ብሎ የኔን ፊት ያይ ነበር።

አባቴ ስሞቹን ብቻ አልነበረም የጻፉት። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ሰውየው ምን ይመስል እንደነበር፣ በየትኛው ደብር እንደተቀበረ፣ ምን ይወድ እንደነበር ሁሉ አለ። ሰባቱም ቤት በአባታቸውም በእናታቸውም በኩል ተጽፏል። በከንቱ ተጨነቅኩ እንጂ ይኸው አለ ብዬ ልዘጋው ስል፣ ከሁሉም በታች ሌላ ርዕስ አየሁ። "የቤት ሰዎች" ይላል።

"ይህች ሚስትህ ናት" ይላል። "ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ዳንቴሏን አመስግንላት።"

"ይህች የልጅ ልጅህ ናት። እንግሊዝኛ ብትመልስልህ ንቃህ አይደለም። ቀስ ብለህ ንገራት፣ ይገባታል።"

የኔ ከሁለቱ መካከል ነበር። "ይህች ልጅህ ናት። ማሽን የምትጠግነው እሷ ናት። ስትቆጣ ዝም በል፤ ቶሎ ይበርድላታል። ይህን ቤት የያዘችው እሷ ናት።"

ጓደኛዬ ምን እንዳነበብኩ አልጠየቀኝም። ላፕቶፗን ገጥሞ፣ ካርቶኗን ትቶ፣ ራሷን ከነቻርጀሯ እጄ ላይ አኖረ። "መልሺልኝ አልልሽም" አለኝ። "ቁም ሳጥን ላይ ከምትቀመጥ ትሥራ።"

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ "መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ፤ አባቴም እንደ ወጉ "ሳትቀመጡ መልስ የለም" አሏቸው፤ ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ። ላፕቶፑ ዳንቴል ሳይለብስ አባቴ ጭን ላይ ነው። እኔና ልጄ ከኩሽናው በር ቆመናል። ልጄ እጄን ጨምቃ ይዛዋለች።

አባቴ በቃላቸው ጀመሩ። አንድ አሉ፣ ሁለት አሉ፣ ሦስት አሉ። ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። እናቴ ወለሉን ታይ ነበር፤ ከአስተያየቷ ገባኝ፤ ለካ እሷም ከድሮ ጀምሮ ታውቃለች።

አባቴ የላፕቶፑን ክዳን ከፈቱ። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ። "ሰባቱን በቃሌ የማውቅ ሰው ነበርኩ። አሁን መርሳት ጀምሬያለሁ። ቀሪውን ከዚህ አነብላችኋለሁ።"

በሕይወቴ አባቴ ሰው ፊት ይቅርታ ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በልጁ በኩል ቆጣሪ ሆነው የመጡት ታላቅ አጎቱ፣ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ሰው፣ በረጅሙ ተነፈሱ።

"እፎይ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" አሉ። "እኔም ከፓርክዴል እዚህ እስክንደርስ መኪና ውስጥ ስሸመድድ ነው የመጣሁት። አንድም አልያዘልኝም።" ከኮታቸው ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፤ ከጎኑ ለካሜራ የተሠራች ቁልፍ አለችው። የጃፓኖቹ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ዓይኔ ስላየው ሳላስበው ሳቅኩ፤ ሁሉም ሳቀ።

አንድ ቤት አባቴ፣ አንድ ቤት አጎትየው እየተፈራረቁ ወደ ላይ ወጡ። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ። ልጄ እጄን ሳትለቅ አንድ እርምጃ ወደ ሳሎኑ ገባች።

"የየት ሰው ናቸው የእናንተው?" አሉ አባቴ።

"ቄስ ነበሩ" አሉ አጎትየው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። "ሌላ የተጻፈ የለኝም።"

አባቴ በጣታቸው ስክሪኑን ተከተሉ። "የኛው ንብ አርቢ ነው። አንድ ዓይኑን ንብ ነድፎት ጠፍቷል። ክህነት የለውም፣ የተቀበረውም ወንዙን ተሻግሮ ነው።" ቀና አሉ። "ሁለት ሰው ናቸው።"

"ሁለት ሰው ናቸው" አሉ አጎትየውም። ስድስተኛውም ሰባተኛውም አልተገናኙም። አባቴ መረቁ፤ ልጄ "አሜን" ለማለት አልጠበቀችም፣ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ኪሮሿን ይዛ መጥታ "የት የት ጋ ነው የሚተነፍሰው?" ብላ ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋት፤ በቀይ ክር ምልክት አደረገች። ታርቃኛለች ማለት ነው። አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጠሩኝና ላፕቶፑን ወደኔ አዞሩት።

"የቤት ሰዎቹ ላይ አንድ ሰው ጨምሪልኝ" አሉ።

"የምን የቤት ሰዎች?" አልኩ፣ ያላየሁ መስዬ።

"አንብበሽዋል" አሉ አባቴ። "ዓርብ ከመጣሽ ጀምሮ አንዴም አልተቆጣሽም።"

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጣቶቼን ፊደሉ ላይ አሳረፍኩ።

"ጻፊ" አሉ። "ይህ የልጅ ልጅህ እጮኛ ነው። ሲስቅ ይጮሃል፤ አትደንግጥ።"

ጻፍኩት።

"ሴቭ አድርጊው።"

ሁለት ጊዜ ሴቭ አደረግኩት።